የመሪጌታ ልደቱ ግራ እግር

ቀበና፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ለእማሆይ ሮማነወርቅ፤

እማሆይ፣ ክረምቱን በቆላው እንዴት ከረሙ? እዚህ ዝናቡ እንጦጦ ላይ ከብዶ የቀበና ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ እኛ ጋ ግን አልደረሰም። በገዳማችሁ ስልክ አለመፈቀዱን ድሮ አማርር ነበር፤ ዘንድሮ ደስ ብሎኛል። በስልክ ቢሆን ይህን ሁሉ አላወራዎትም፤ ግድግዳችን ስስ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ሊሊሳ ነው፤ ያው እህል የሚያመላልስላችሁ የአይሱዙ ሹፌር።

የጠየቁኝን ልመልስ። ልጃችን ናዝሬት አሁንም መገናኛ እዚያው ቢሮ ናት። ሽማግሌ የላከ የለም፤ ቢኖርም ለኔ የምትነግረኝ አይመስለኝም፤ ምክሯ ሁሉ ከአባቷ ጋር ሆኗል። የሽሮና የበርበሬ ሱቄ እንዳለ ነው። ጎረቤቴ ታደለች ቤቷ ለልማት ፈርሶ መሪ ኮንዶሚኒየም ገባች፤ ግን በሳምንት ሁለቴ እኔው ጋ ናት። እዛ ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው ትላለች።

«ወንድሜ ደህና ነው ወይ?» ላሉኝ፣ እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል። ደህና ነው። ይበላል፣ ደብሩ ይወጣል፣ ልጆቹን ዜማ ያስተምራል። ግን ከነሐሴ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት ይወጣል። የት ነው ስለው «ሰበካ ጉባኤ» ይለኛል። ባለፈው ቅዳሜ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ አቶ ክብረት በርበሬ ሊገዛ ሱቄ መጣ።

«ዛሬ ስብሰባ የለም እንዴ?» አልኩት።

«የምን ስብሰባ?» አለኝ።

በርበሬውን መዘንኩለት።

የሰው ስልክ አላይም፣ ያውቁኛል። ግን ጠረጴዛው ላይ ሆኖ በራ። «ቅዳሜ ሦስት ተኩል እጠብቅዎታለሁ። ፊልሞና» ይላል። ፊልሞና የሚባል ዘመድ አለን? በኔ በኩል የለም።

የባሰው ገና ነው። የመጽሐፍ ቦርሳውን ሳራግፍ አንድ የሴት ስቶኪንግ ወጣ። መልኩ የቆዳ መልክ፣ እስከ ታፋ የሚደርስ፣ ጣቱ ጋ ክፍት። አንድ እግር ብቻ ነው፤ ጥንዱ የለም። ለታደለች አሳየኋት። ጎትታ ጎትታ አየችውና «ይቺ እንኳ ወፍራም ናት፤ እንዴት እንደሚያጣብቅ አታይም?» አለች። «ሌላኛውስ እግር?» ስላት «እሷው ጋ ቀርቷላ» አለች። ሱቅ ውስጥ አብሬያት ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን ምሳ አልበላሁም።

አልጠየቅኩትም። ስቶኪንጉን ጓዳ ባዶ እንስራ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ሲያምስ «ምን ጠፋብህ?» አልኩት፤ «ምንም» አለኝ። ምንም ያልጠፋበት ሰው ፍራሽ አይገለብጥም።

ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር እግሩን ላጥብህ ስለው ፈቅዶልኝ አያውቅም። የእንጦጦ ብርድ ያመጣብኝ ቁርጥማት ነው እያለ ግራውን ሁሌ በጨርቅ እንደጠቀለለ ነው። እኔ ደግሞ እንዴት ያለ ትሑት ባል ነው እያልኩ ለሰው ሳወራለት ኖርኩ። አሁን ሳስበው ሞኝ እኔ ነኝ። የሚያውቁት ካለ ይጻፉልኝ።

ዘቢደር

*

ከገዳም፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዘቢደር፣ ሰላሙን ያብዛልሽ።

ፊልሞና የሚባል ዘመድ የለንም። ወንድሜ ከአንቺ ሌላ ሴት አያውቅም፤ ይህን በምንኩስናዬ እነግርሻለሁ። ያንን ካልሲ ግን ካገኘሽበት ቦርሳ መልሺው። ዛሬውኑ መልሺው። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ የሰው አደራ አለብኝ።

ለታደለች ሌላ ነገር አታሳያት።

እንዴት ከረሙ ላልሽኝ፣ ደህና ነኝ። ሊሊሳ ሲመጣ ወደ በሩ የማልወጣው ፀሐዩ ስለሚበረታብኝ ነው።

እማሆይ ሮማነወርቅ

*

ቀበና፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማሆይ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ኅዳር 13 ነው። የሚካኤል ማግስት። ሊሊሳን ደብረ ብርሃን ላይ ጎማ ፈንድቶበት ሁለት ቀን አቆይቶታል። ሁለት ቀን ቀድሞ ቢመጣ ስቶኪንጉን እመልሰው ነበር? እውነቱን ልንገርዎ፣ አልመልሰውም ነበር። «አትጠይቂኝ» ማለትዎ ይበልጥ ያስጠረጥረኝ ነበር።

ከሰው አፍ ሳይሰሙ እኔው ልንገርዎ። ወንድምዎ በሕይወት አለ።

ለሚካኤል ማኅሌት ከማታ ጀምሮ እንደቆመ ነው። ሊነጋ ሲል አጠገቡ የቆመው ዲያቆን በርናባስ ምንጣፉ ላይ ደም አየ። መጀመሪያ የማን እንደሆነ አላወቁም፤ ወንድምዎ ራሱ ጽናጽሉን አላቆመም። ኋላ የግራ ሱሪው ርሶ አዩት። ደም እየፈሰሰው በቤተ መቅደስ መቆም እንደማይቻል እርስዎ ያውቃሉ። ደግፈው አወጡት። ያን ሁሉ ሕዝብ ሰንጥቆ፣ ደሙን እያንጠባጠበ። በርናባስ ነጠላውን አውልቆ ቁርጭምጭሚቱን ጨምቆ ያዘለት እንጂ ሌላ ነገር እናወራ ነበር።

ናዝሬት ደወለችልኝ። «መገናኛ ነይ፤ ፊልሞና ጋ ነን» አለችኝ። ልጄ ናት እንዲህ ያለችኝ፣ ፊልሞና የሚባል ሰው ሁላችንም የምናውቀው ይመስል። ሽርጤን ሳልፈታ፣ እጄ በርበሬ እንደሆነ በታክሲ በረርኩ። ሴትዮዋን ምን እንደምላት መንገድ ላይ ሳጠና ነበር። ስደርስ ክሊኒክ ነው። ከናዝሬት ብዙም የማትበልጥ፣ ነጭ ጋዋን ላይ ስኒከር ያደረገች ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ባለቤታቸው ነዎት? እጅዎን ይታጠቡና እግራቸውን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ» አለችኝ።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያላየሁትን እግር አቅፌ ቆምኩ። ከጉልበቱ በታች ደም ሥሩ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ ተወጥሯል፤ ታች ደግሞ ቁስል አለ፣ አሮጌ ቁስል።

«ካልሲውን ለምን አላደረጉትም መሪጌታ?» አለችው። «ያለ እሱ እንዳይቆሙ ብዬ ነበር።»

«ጠፋብኝ» አለ። ወደ እኔ አላየም። እኔም ጣሪያውን አየሁ።

እማሆይ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ስቶኪንጉ የሷ፣ የሐኪሟ የፊልሞና ትእዛዝ ነው፤ እግር የሚያጣብቅ፣ ደም ወደ ላይ የሚገፋ። እኔ እንስራ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ያ ደም በኔ ነው። ያንኑ ቀን አጥቤ ቦርሳው ውስጥ መለስኩት፤ ሲያገኘው «እዚሁ ነበር ለካ» ብሎ አለፈ።

ግን ጥርጣሬዬ አለቀ ብለው እንዳያስቡ። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ሰበካ ጉባኤ ነኝ ይላል? የምን ሚስጥር ነው? ናዝሬት ታውቃለች። እርስዎ ያውቃሉ፤ «ዛሬውኑ መልሺው» ያሉት በምክንያት ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ዶክተሯ እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች «ይሰማዎታል?» ስትለው ወንድምዎ አለቀሰ። አላመመውም። «ይሰማኛል፣ ይሰማኛል» እያለ ነው የሚያለቅሰው። እንዲህ ያለ ለቅሶ በሕይወቴ አላየሁም።

ምን ደበቃችሁኝ? በሚቀጥለው የሊሊሳ ጉዞ ካልነገሩኝ ልብሴን ይዤ ሲግናል ወንድሜ ወንደሰን ቤት እገባለሁ። ሳልመለስ መቅረትንም አልፈራም።

ዘቢደር

*

ከገዳም፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘቢደር፣

አደራውን የሰጠኝ ወንድሜ ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሄዱንና ካልሲ መታዘዙን ለማንም እንዳልነግር ጽፎልኝ ነበር፤ መጀመሪያ ያሰረው ግን የኔ ቃል ነው። ስለዚህ እኔው እፈታዋለሁ።

የአባታችን ግራ እግር ቁስል ነበረው። አሥራ አንድ ዓመት አልዳነም። የሰፈሩ ሰው ቁምጥና ነው አለ። ከማኅሌቱ ወጥቶ ከዛፍ ሥር ብቻውን እንዲቆም ተደረገ። እኔ ታጭቼ ነበር፤ የእጮኛዬ ወገኖች ይህን ሲሰሙ ቀሩ።

በ1991 ዓ.ም. የአባትሽ ሽማግሌዎች ዘራችንን ሊጠይቁ ሲመጡ የልደቱም እግር ማበጥ ጀምሮ ነበር። ቤቱን በወይራ አጠንኩት፤ የቁስሉ ሽታ እንዳይሰማ። አባቴን ጋቢ ደራርቤ አስቀመጥኩት። «በዘራችሁ ደዌ አለ ወይ?» ሲሉ አባቴ አንገቱን ደፋ። «የለም» ያልኩት እኔ ነኝ። ማታውን ልደቱን ለሚስትህ እግርህን አታሳይ ብዬ አስማልኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ያንን መሐላ ነው የጠበቀው።

እሱን አትቅጪው። የምትቀጪው እዚህ አለሁልሽ።

እማሆይ ሮማነወርቅ

*

ቀበና፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማሆይ፣

ሊሊሳን አንድ ጊዜ ባዶ እጁን መለስኩት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጻፍ አቅቶኝ አይደለም። አራት ጊዜ ጽፌ አራቱንም ለሽሮ መጠቅለያ አደረግኳቸው። አንድ ደንበኛዬ ይዛ ሄዳ እንዳታነበው ብዬ ነው ኋላ የደነገጥኩት።

ቢነግሩኝም እንዳልኩት ሲግናል ሄድኩ። አምስት ቀን ከወንደሰን ቤት ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ወንድምዎ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ በሩ ላይ ቁጭ አለና፣ ዶክተሯ እግርህን ከልብህ ከፍ አድርግ ብላዋለችና፣ ወንበር ስቦ እግሩን ሰቀለ። ወንደሰን አይቶት «መሪጌታ፣ ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው? ርስት ልትከራከር የመጣህ ነው የምትመስለው» አለው። ሳልወድ ሳቅኩ። ሳቅኩ ማለት ግን ታረቅኩ ማለት አይደለም።

እውነቱን ልንገርዎ። ያኔ «አለ» ብላችሁ ቢሆን አባቴ አይሰጠኝም ነበር። ናዝሬትም አትኖርም፤ እኔም ዛሬ የማን ሚስት እንደምሆን እንጃ። የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ በደንብ እንኳ እንዳልቆጣዎ አደረጉኝ። ግን አንድ ነገር ይወቁ። በቤቴ ውስጥ ከእንግዲህ «ደህና ነኝ» የሚለኝን ሰው ሁሉ አላምንም።

ያቺን ለብቻዋ አጥፈው የላኳትን ብጣሽ ወረቀት በተራዋ እመልሳለሁ። አዎ፣ ያሳክከዋል፤ ሲመሽ ይብሳል። አዎ፣ ዙሪያው ጠቁሮ ደርቋል። ቁስሉ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በውስጥ በኩል ነው። አይ፣ ቀኝ እግሩ ላይ የለም።

ቁምጥና ቢሆንስ ላሉኝ፣ እኔም ዶክተሯን ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። በሦስተኛው ወንበር ስባ አጠገቤ ቁጭ አለች። «እትዬ ዘቢደር፣ ያ ቢሆን ቁስሉ አካባቢ መነካት አይሰማቸውም ነበር። ይህ ቫሪኮስ ነው፤ የደም ሥር ማበጥ። ደም ከእግር ወደ ላይ ሲወጣ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጉ ትናንሽ መዝጊያዎች አሉ። እነሱ ሲላሉ ደሙ ታች ይጠራቀማል፣ ሥሩ ያብጣል፣ ኋላ ቆዳው ይቆስላል» አለችኝ። በዘር ይሄዳል ወይ አልኳት። «ይሄዳል፤ አባታቸውም ይኸው ኖሮባቸው ይሆናል፤ ሳላያቸው ግን እርግጠኛ ነኝ አልልም» አለች። ሳላይ አልልም ማለቷን ወደድኩላት።

መጀመሪያ ቀን «ሥራዎ መቆም ይበዛዋል?» ብላው ወንድምዎ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «የለም፣ ቁጭ ብዬ ነው የማስተምረው።» ናዝሬት ናት «አባዬ፣ ማኅሌቱስ? ስምንት ሰዓት ተገትረህ የምታድረው?» ያለችው። «እሱ መቆም ነው እንዴ?» አለ። በእግዚአብሔር ፊት የቆመውን ከመቆም አልቆጠረውም።

ሕክምናውን አላመንኩም ነበር። ድሮ ብሽሽት ጋ ቀደው ሥሩን መዘው ያወጡ ነበር አሉ፤ አሁንም እንደዚያ የሚደረግለት ሰው አለ። እሷ ግን መጀመሪያ አንድ ወር ቁስሉን እያጠበች በማሰሪያ አሰረችው። ከዚያ ታኅሣሥ 12 ቀን በመርፌ ቀዳዳ እንደ ሽቦ የቀጠነች ነገር ወደ ሥሩ አስገብታ፣ በአልትራሳውንድ መስኮት እያየች፣ በሙቀት ከውስጥ ዘጋችው። ማደንዘዣው እግሩ ላይ ብቻ ነው። ሙሉውን ጊዜ እያወራት ነበር፤ እንዲያውም ዜማ ሊያስተምራት ሞከረ። እሷ የፕሮቴስታንት ልጅ ናት፤ ጥሩ ድምፅ አላት ይላል። ትናንሾቹን ሥሮች ደግሞ በሌላ ቀን መድኃኒቱን አረፋ አድርጋ በመርፌ ትዘጋቸዋለች። በሙጫ የሚዘጋም አለ፤ እሷ ጋ ግን ለጊዜው የለም።

«የተዘጋው ደም የት ይሄዳል?» ብዬ ያዝኳት። እዚህ የምታታልለኝ መስሎኝ ነበር። «ይሄ መንገድ ሲታጠር መኪናው በሌላ አይዞርም?» አለችኝ። «ጤነኛ ሥሮች ከሥር አሉ፤ በነሱ ይሄዳል።» ሰፈሩ ሁሉ ታጥሮበት የከረመ ሰው ይህ ይገባዋል።

አንድ ሰዓት አልሞላም። በእግሩ ሄዶ ወጣ። በር ላይ ሆኜ ይወድቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልወደቀም። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፣ ግን እየጠበበ ነው። ለገና ደብሩ በርጩማ ፈቅዶለታል፤ በመሃል በመሃል ይቀመጣል። መሪጌቶቹ ዙፋን ተሰጠው እያሉ ያሾፉበታል።

ዘቢደር

*

ከገዳም፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዘቢደር፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ለአባቴ ጸሎት አደረግሁ። ሰው ሁሉ የሸሸው በዚህ ነገር ኖሮ ይሆን?

አንዲት እናት አለች እዚህ። እግሯን ያማታል። ጾሙ ይበዛባታል፣ መቆሙም አለ። እንደዚህ ያለ ሕክምና ለስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ይሆናል ወይ? ቁስሉ በሁለቱም እግር ቢሆንስ? ለሷ ብዬ ነው የምጠይቅሽ።

እኔ ደህና ነኝ።

እማሆይ ሮማነወርቅ

*

ከገዳሙ በር ውጪ፣ ከሊሊሳ መኪና ጋቢና፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማሆይ፣

ጽሕፈቴ የተንቀጠቀጠው ጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ነው። ጥምቀት በሰላም አለፈ። ወንድምዎ ታቦቱን ተከትሎ እስከ ጃንሜዳ በእግሩ ወረደ፤ ተገትሮ መቆም ነው የሚጎዳህ እንጂ መራመድ ይጠቅምሃል ብላዋለች ዶክተሯ።

ለጠየቁኝ መልስ፣ በስልሳ ስምንት ዓመትም ይሆናል። በሁለቱም እግር ቢሆን አንዱ ቀድሞ አንዱ ይከተላል።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ወንድምዎን ቁስሉ እንደሚያሳክከው ከመጠየቅዎ በፊት ጽፌልዎ አላውቅም ነበር። እሱም ስለ ማሳከኩ ለእርስዎ አልጻፈም፤ ጠይቄዋለሁ። ታዲያ «ሲመሽ ያሳክከዋል ወይ፣ ዙሪያው ይጠቁራል ወይ» ብለው በብጣሽ ወረቀት የጠየቁኝ ከየት አምጥተው ነው? አባትዎ ከሞቱ ሃያ ዓመት አለፈ። እንዲህ ያለውን ነገር ሃያ ዓመት የሚያስታውስ የለም። የዛሬ ሰው ነው የሚጠይቀው።

ሊሊሳን ያዝኩት። «ከገዳሙ እግሯን የሚያማት እናት የትኛዋ ናት?» አልኩት። «ከእማሆይ ሮማነወርቅ በቀር የሚያነክስ የለም» አለኝ። «እሳቸውማ ከሰው ተለይተው ከወይራው ማዶ ለብቻቸው ጎጆ ከተሠራላቸው ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ደብዳቤውንም በሌላ ሰው ነው የምሰጣቸው» አለኝ። ፀሐይ በረታብኝ ብለውኝ ነበር።

ለብቻ ጎጆ ለምን እንደጠየቁ ገብቶኛል። እህቶችዎን እንዳይነካባቸው ፈርተው ነው። አባትዎ ከዛፍ ሥር እንደቆሙት።

ባለቤቴን ስጠረጥር ስቼ ነበር፤ ደሙን አፈሰስኩት። ስለዚህ ከቀበና ስነሣ ምናልባት አሁንም ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አመነታሁ። ናዝሬት «እማዬ፣ ከተሳሳትሽ ገዳም ተሳልመሽ ትመለሻለሽ» አለችኝና የሁለት ቀን ስንቅ ቋጠረችልኝ። ዶክተሯ የቁስል ማሰሪያ ሰጥታኛለች፤ ግን «ወደ እግራቸው ደም በደንብ መድረሱን ሳላይ አጥብቀው እንዳያስሩ፤ በመኪና ውስጥ እግራቸውን ከፍ አድርገው ብቻ ያምጡልኝ» ብላኛለች። ጋቢናው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ እግርዎን እኔ ጭን ላይ ያደርጉታል። የእግር ነገር ለምጃለሁ።

ሊሊሳ ሁለት ደብዳቤ ይዞ ይገባል። አንዱ ይህ ነው። ሌላው ለእመ ምኔቷ ነው፤ ቁምጥና እንዳልሆነ ማን እንደሚያረጋግጥ፣ ስንት ቀን ፈቃድ እንደምንጠይቅ ሁሉንም ጽፌላቸዋለሁ። እርስዎ ይህን ሲያነቡ እሳቸውም የራሳቸውን እያነበቡ ነው።

በር ላይ ቆመሽ ለምን ትጽፊያለሽ ይሉኝ ይሆናል። ፊት ለፊት ብጠይቅዎ «ደህና ነኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም አይንዎን እያየሁ አላምንዎትም ማለት አልችልም፤ እንዲያ ተደርጌ አላደግኩም። በወረቀት ግን እላለሁ። አላምንዎትም።

መልስ አይጻፉልኝ። እስከ በሩ መራመድ ከቻሉ ይምጡ። ካልቻሉም ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎትን ሰው ይላኩብኝና ከወይራው ማዶ ድረስ እኔው እገባለሁ።

ዘቢደር